ወረቀት ላይ ክረምት የለም

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት በእጄ ያለውን የመንግሥት ንብረት እንዳስረክብ ታዘዝኩና ቲ-ስኩዌሬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ጨርቁን ገልጣ ያንን ረጅም የእንጨት ማስመሪያ አገላብጣ አየችና፣ "ጋሼ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ። የንድፍ ማስተማሪያ መሆኑን ነገርኳት። መዝገቧን ከፊት እስከ ኋላ ገለጠች። "እንዲህ ያለ ዕቃ በትምህርት ቤቱ የለም። ይውሰዱት" ብላ መለሰችልኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ትምህርት ከክፍል መውጣቱን አውቅ ነበር፣ ከመዝገብም መጥፋቱን ግን ያን ቀን ሰማሁ።

ቤቴ ገብቼ ቲ-ስኩዌሩን ከአልጋዬ ሥር ካለው ሣጥን ልከተው ስል ከታች አንድ ያረጀ ወረቀት እጄ ገባ። ሳልገልጠው ምን እንደሆነ አወቅኩት። የአንዲት ተማሪዬ የፈተና ንድፍ ነው፤ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ከአሥር ሁለት" የሚል አለበት። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። የሥራ ዘመኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ወረቀት ነው፤ እሱ ባይኖር ዝም ብዬ ጡረታዬን እበላ ነበር።

የደምበጫ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የንድፍ ሥራ ተምሬ መጀመሪያ የተመደብኩት ቡሬ ነበር፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ። ስመጣ ጉራዬ ከሻንጣዬ ይበልጥ ነበር። ፈረንጅ ያስተማረኝ፣ ባለ ሰባት እርሳስ፣ ኮምፓሴ በቬልቬት ሣጥን የተቀመጠ ሰው ነኝ። እዚያ የጠበቀኝ ዋናው የንድፍ መምህር ጋሽ ስማቸው ግን አንድ እርሳስና አንድ ሰንጢ ብቻ ነበራቸው። ወጣት ሳሉ ከመንገድ ቀያሾች ጋር በየበረሃው ዞረዋል። እርሳሱን በሰንጢ ይቀርጹታል፣ ጫፉን በድንጋይ ይስሉታል፣ ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ወረቀቱን የሚነኩት እንደ ቄስ ነው። ሳይታጠብ የንድፍ ቦርድ የነካ ተማሪ ካዩ አይቆጡም። ውሃ ቀድተው ራሳቸው ያስታጥቡታል። ልጁ በእፍረት ይሞታል፤ ሁለተኛም አይረሳም።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ልማዳቸው ነው። አንድ ቤት ንደፉ ሲባሉ መጀመሪያ ቦታው ድረስ ይሄዳሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው በማሰሪያው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉና መሬቱን በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ቀጥሎ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ይጠብቃሉ። ሊቀ መንበር አይጠይቁም፣ ባለሥልጣን አይጠይቁም። "እመቤት፣ በነሐሴ እዚህ ምን ይመስላል?" ይላሉ። አንድ ጊዜ በጥር ወር አዲስ የመማሪያ ክፍል የሚሠራበትን ቦታ እንዲሁ ሲጠይቁ አንዲት እንስራ ያዘለች ሴት፣ "ኧረ ጌታው፣ በነሐሴ በዚህ ጥጃም አናሳልፍ" አለቻቸው። ጋሽ ስማቸው አመስግነው ክፍሉን አርባ እርምጃ ወደ ላይ አወጡት። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። መሬቱ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርቆ ይታየኝ ነበር። ነሐሴ ሲመጣ ቦታው ላይ ዳክዬ ሲዋኝ አየሁ።

"አየህ ልጄ" አሉኝ ያን ጊዜ፣ "ወረቀት ላይ ክረምት የለም። ክረምቱን የምትጨምርበት አንተ ነህ።"

ቃሉን ወደድኩት። በቃሌም ያዝኩት። ግማሹን ብቻ እንደያዝኩት ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። እዚያ ሥራውን የምመራው ብቻዬን ነበር፣ መከራውንም የምቆጥረው ብቻዬን። ስልሳ ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ቦርድ። ወረቀት በልመና ይመጣል፤ ሲመጣም ልጆቹ ምሳቸውን ይጠቀልሉበትና የወጥ ቅባት ያለበት ንድፍ ያስረክቡኛል። ቲ-ስኩዌር ቢጠፋ የእንጨት ሥራ ክፍል ሠራልን። እንጨቱ እርጥብ ኖሮ ሁሉም ደርቆ በአንድ አቅጣጫ ጎበጠ። ያን ዓመት ክፍሉ በሙሉ ወደ ጎረቤት ከተማው ማንኩሳ ያዘነበለ ቤት ነደፈ። አንዱ ተማሪ ደግሞ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነድፎ በር ረሳ። "በሩስ የት አለ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ሰውየው ገና መች ገባ ጋሼ" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ዛሬ ሳስበው ግን ያስቀኛል።

ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያገኘሁትን እሠራለሁ። ለሻይ ቤት ሰሌዳ እጽፋለሁ፣ ለፀጉር አስተካካይ መስታወት ላይ ጎፈሬ ያለው ጎረምሳ እስላለሁ፣ የሟች ጉርድ ፎቶ አጉልቼ ለተዝካር አደርሳለሁ። ለአብዮት በዓል ደግሞ በግድ ነው። አንድ ዓመት የሦስቱን ባለጢም ፈረንጆች ምስል በትልቅ ሸራ ሳልኩና አደባባይ ተሰቀለ። በማግሥቱ ሳልፍ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሦስት ጊዜ ሰግደው፣ "አቤቱ ሥላሴ፣ ለዚህች አገር ድረሱላት" ሲሉ ሰማሁ። ምስሉን የሚጠብቀው ዘበኛ ጠመንጃውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ካድሬ ቢሰማ ሁለታችንም አለቀልን። ሮጬ ባልቴቷን ደግፌ አሳለፍኳቸውና፣ "እማማ፣ እነዚህ ሌሎች ናቸው" አልኳቸው። "እንዴት ያሉ ሌሎች?" አሉኝ።

የመንደር ምሥረታ ዘመቻ የመጣው እኔ በከተማው የታወቅሁ እጅ ከሆንኩ በኋላ ነው። በየጎጡ ተበትኖ የሚኖረው ገበሬ ወደ አንድ መንደር ይሰብሰብ ተባለ። መንደሩ ደግሞ በንድፍ መሆን አለበት። ንድፍ የሚያወጣ ባለሙያ ስለሌለ አንድ ጠዋት ካኪ የለበሰ የዘመቻው ኃላፊ ክፍሌ ድረስ መጣ። ብዙ የሚናገር፣ ትንሽ የሚተኛ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነበር። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ሰጠኝ። አራት ማዕዘን፣ በውስጡ አምስት ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ እኩል እኩል ቤቶች።

"ጓድ መምህር፣ ይህን በሥርዓት አስነድፍልን። ለስድስት ቀበሌ ነው።"

"ስድስቱም አንድ ዓይነት ነው?" አልኩት።

"ገበሬው አንድ ዓይነት አይደል?" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ተማሪዎቼ የሌለ ቤት ለሌለ ሰው ሲነድፉ ኖረዋል። አሁን ንድፋቸው በምድር ላይ ሊቆም ነው። የፈተና ሥራ አደረግኩት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቀበሌ ደለደልኩ፣ ከየቀበሌው ጥርት ያለውን መርጬ እኔ በ"ነዳፊ" ሥር ፈርሜ ላስረክብ። ቦታዎቹን ሄጄ አላየሁም። ሩቅ ነው፣ ጊዜ የለም፣ ኃላፊው ይቸኩላል አልኩ። ጫማዬን ማውለቅ አስጠልቶኝ ነበር ብል ይሻላል።

ይታይሽ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። አባቷ አያ ዘለቀ ከማንኩሳ ወዲያ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እሷ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ለማምጣት በእግሯ እየተመላለሰች ትማራለች። አትናገርም፤ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ቦርድ ሲደርሳት ግን እርሳሷ አይንቀጠቀጥም። የደረሳት የገዛ ቀበሌዋ ነው። ሥራዋን ስታመጣልኝ ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆኖ ሦስተኛው መንገድ ጎብጧል። ከመሐል ተነስቶ እንደ ማጭድ ወደ ላይ ዞሮ ይመለሳል፤ ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ አንድም ቤት የለበትም።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኳት፣ ክፍሉ እየሰማ።

"ጋሼ፣ እዚች ላይ ቤት አይቆምም። ጨፌ ነው። በሐምሌ ውሃው በዚህ ነው የሚመጣ" አለች፤ ድምጿ ከአፏ አይወጣም።

እኔም ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ እያሳየሁ፣ "ወረቀት ላይ ክረምት የለም!" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። የጋሽ ስማቸውን ቃል ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ለዚህ አዋልኩት። በዚያም አላበቃሁ። "መስመር ማለት ቀጥ ያለ ነው። እጅሽ ለንድፍ አልተፈጠረም" አልኳትና ከአሥር ሁለት ሰጠኋት። ንድፏንም "እንዲህ አይነደፍም" ብዬ ከሰሌዳው ጎን ለጎን ሰቀልኩት። አንድ ወር ያህል እዚያው ተሰቅሎ ሰነበተ፤ እሷ በየቀኑ ከፊቱ ትቀመጣለች። ለቀበሌዋ የአንድ ሌላ ልጅ ንድፍ መረጥኩ። አምስቱም መንገድ እንደ ክር የተወጠረ ነበር። ፈረምኩበት።

በግንቦት ሰዉ ቤቱን እያፈረሰ ወደ መንደሩ ገባ። ሣር ክዳኑን አፍርሶ መልሶ መክደን ብዙ ነው ብለው ጣራውን እንዳለ ተሸክመው ነበር የሚሄዱት። በመኪና ሳልፍ አንድ ጣራ በአርባ እግር ማሳ ሲያቋርጥ አየሁ። ሴቶቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ የሠርግም የለቅሶም ዜማ ያልሆነ ነገር ያዜማሉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ቆሜ ሰሌዳ ስጽፍ ከማንኩሳ ገበያ የመጣ ሰው ለሻይ ቤቱ ባለቤት ሲያወራ ሰማሁ። "አዲሱ መንደር ውሃ ገባበት። ሰዉን ስብሰባ ጠርተውት ኖሮ ነፍስ ተርፏል። ከብቱ ግን..." አለና እጁን አራገበ። ቀለሙ ከእጄ ወደቀ። የየትኛው ቀበሌ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አውቄዋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት በእግሬ ሄድኩ። መንደሩን ከኮረብታው ላይ ቆሜ አየሁት። አምስቱ ረድፍ ቤቶች እኔ በፈረምኩበት ልክ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጭቃ ያዘለ ውሃ ደግሞ ከመሐል ገብቶ፣ ሦስተኛውን ረድፍ በጥሶ፣ እንደ ማጭድ ዞሮ ተኝቷል። ይታይሽ ባዶ የተወችው ቦታ ያ ነው። ጠርዙ ሳይቀር ያው ነው። አንድ ወር ሙሉ ሰሌዳ ጎን ሰቅዬው ስለነበር መስመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

አያ ዘለቀ ከወደቀ ቤታቸው ፊት ቆመው ነበር። አዲሱ መንደር ግጦሽ ስለሌለው በሬዎቻቸውን ከቤት አስረው ነበር ስብሰባ የሄዱት። ግድግዳው በሁለቱም ላይ ወድቋል። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ፤ ያ ራሱ ገደለኝ።

"ይህን መንደር ማን እንደነደፈው እንጃ" አሉኝ። "የተማረ ሰው ነው አሉ። የተማረ ሰው መቸም ያለ ምክንያት አያደርገውም። እኛ ነን ያልገባን።"

እኔ ነኝ አላልኳቸውም። ቀና ስል ይታይሽ ከአባቷ ኋላ ቆማ ታየኛለች። ፊርማው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ "ጋሼ፣ እግርዎ ጭቃ ሆኗል" አለችና ውሃ በጣሳ ቀድታ አስታጠበችኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ኃላፊው ዘንድ ሄጄ መንደሩ ወደ ላይ ይነሳ ብዬ ተናገርኩ። "የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ጓድ መምህር" አለኝና ሌላ ወረቀት መፈረሙን ቀጠለ። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ። ጋሽ ስማቸው ያኔ ጡረታ ወጥተው በጓሯቸው በርበሬ ይኮተኩቱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቃላቸውን ቆርጬ እንደተሳለቅኩበት ሳይቀር። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ።

"ልጅቱን ማን አስተማራት?" አሉኝ።

"እኔ።"

"አይ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "እሷ የኔ ተማሪ ናት። አንተን ነው ማን እንዳስተማረህ የማላውቀው።"

መስከረም ላይ ይታይሽ አልተመለሰችም። በሬ ወዳለው ቤት፣ ወደ መራዊ በኩል ተዳረች ተባለ፤ አማቾቿ ለአያ ዘለቀ የሚያርሱበት ጥማድ አዋሷቸው። ንድፏን ከግድግዳ አውርጄ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ውጤቱን ላርመው ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ አንስቻለሁ፤ ግን ልጅቱ በሌለችበት ማረም ራሴን መሸንገል መሰለኝና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን ጫማ አስወልቄ ሜዳ ሳላወጣ ቦርድ አላስነካሁም። ያበደ መሰልኳቸው። ደርግ ሲወድቅ ያ መንደር በአንድ ሳምንት ፈረሰ፤ ሰዉ ጣራውን ተሸክሞ ወደ ጎጡ ተመለሰ። ቆይቶም ንድፍ ከትምህርት ቤቱ ወጣና ሒሳብ ሳስተምር ጡረታዬ ደረሰ።

ባለፈው ነሐሴ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ይታይሽ አባቷ ሲሞቱ መሬቱን ይዛ ተመልሳለች አሉኝ። ቤቷ ከጨፌው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። ወዲያው አወቀችኝ፤ አገላብጣ ስማኝ ከቤት አስገባችኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ መምጣቴን እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

"ጎርፉንማ አንቱ አላመጡት" አለችኝ፣ ወተት እየቀዳችልኝ። "እግዜር ነው ያመጣው። መንግሥትም ቸኩሎ ነበር። ይተዉት።"

ደረቴ ቀለል ሊለኝ ሲል ጥግ ተቀምጣ ደብተር ወደምታነብ ልጅ አገጯን ቀሰረች።

"ይች ገነት ናት፣ የመጨረሻዋ። አሁን ደግሞ ቡሬ ሄጀ የቤት ንድፍ ልማር እያለች ታደርቀኛለች። ተይ ብያታለሁ። የኔ ልጅ አይደለች? እጃችን ለንድፍ አልተፈጠረም።"

የወተቱን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። "ይህን ማን ነው ያለሽ?"

"አንቱ ነዎ እንጅ!" አለች እየሳቀች። ቂም የለባትም፣ እንደ ተራ ጨዋታ ነው የምትናገረው። "ክፍል ሙሉ ሰው እየሰማ። ረሱት?"

እኔ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያዘንኩት በበሬዎቹ ነበር። ቃሌን አምናው ትኖራለች ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ውሃው ራሱ መጥቶ ከመሰከረላት በኋላ እንኳ ያመነችው እኔን ነው።

ወረቀቱን አውጥቼ እጇን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኳት። ከታች ጨፌው ውሃ ሞልቶ ተኝቷል። ወረቀቱን በፊቷ ዘርግቼ የጎበጠውን መስመር በጣቴ ተከተልኩት፤ ከዚያ በዚያው ጣቴ የውሃውን ጠርዝ አሳየኋት። ወረቀቱን አየች። ጨፌውን አየች። ደግማ ወረቀቱን አየች።

"ልክ ነበርሁ?" አለች።

"ልክ ነበርሽ።"

"ይችን ያወቋት መቸ ነው?"

"ያን ክረምት። ቤታችሁ በወደቀ በማግሥቱ።"

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "ታዲያ እስካሁን የት ነበሩ፣ ጋሼ?"

መልሴን አልጠበቀችም። "ገነት! ነይ እስቲ ወዲህ" ብላ ተጣራችና ወረቀቱን ለልጇ ዘረጋችላት። እኔም ቢያንስ ይህን ላድርግ ብዬ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ውጤቱን ልሰርዝ እጄን ስዘረጋ ወረቀቱን ከእኔ አራቀችው።

"አይንኩት" አለችኝ። "እንዳለ ትየው።"

ልጅቱ ቀዩን ቁጥር አየች፣ መስመሩን አየች፣ ወደ ጨፌውም ቁልቁል ተመለከተች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ።